መቻልን ሳልሸኘው ቀረሁ፤ እናንተስ ውሻችሁን እንዴት ሸኛችሁ?

መቻል የቤታችን ውሻ ነበር። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው። ሽሮ ሜዳ ባለው ግቢያችን 13 ዓመት ኖረ። ቡናማ ነው፤ ደረቱ ላይ ብቻ ነጭ አለው። ግራ ጆሮው ከቡችላነቱ ጀምሮ እንደታጠፈ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሰንሰለቱ ሲወልቅለት ግቢውን ሦስት ጊዜ በሩጫ ይዞርና መጥቶ የአባቴ ጫማ ላይ አገጩን ያሳርፋል። አባቴ በእጁ ሲደባብሰው አይቼ አላውቅም። እግሩን ግን አያነሳም። ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ሁለቱም እንደዚያው ይቀመጣሉ።

ወደ አሜሪካ የመጣሁ ቀን መቻል ሻንጣዬ ላይ ወጥቶ ተኛ። አልነሳም አለ። ታናሽ ወንድሜ በሥጋ ወጥ የራሰ እንጀራ አሳይቶ ነው ያስነሳው። ከዚያ ወዲህ ከስልቨር ስፕሪንግ እሁድ እሁድ ስደውል የሰው ሁሉ ደህንነት ተጠይቆ ሲያልቅ፣ መቻልስ እላለሁ። እናቴ ደህና ነው ትለኛለች። እየቆየ መልሷ አጠረ። ተኝቷል። ጓሮ ነው። አሁን በልቶ ወጣ። በቪዲዮ አሳዪኝ ስላት ኔትወርክ የለም ትላለች። እንዲህ እየተባለ 7 ወር ሄደ። በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች። በርበሬውን ከሻንጣ እያወጣች፣ የመቻል ቤት የነበረበት ቦታ ላይ የውሃ ታንከር መቀመጡን በጨዋታ መሃል ነገረችኝ። ከዚያ ደነገጠች። እኔም ገባኝ።

ውጭ ላለ ሰው የዘመድ ሞት ይደበቃል። አንድ ቀን በማለዳ በር ይንኳኳል፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ደጅ ቆሟል። መቻልንም እንደ ሰው ደበቁኝ። መርዶውን ሊያረዳኝ ግን ማንም አልመጣም። መቻል ካረፈ 7 ወሩ ነው፤ እኔ ግን የማለቅሰው ዛሬ ነው፤ እሱንም ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ተደብቄ። እናንተ ውሻችሁ ሲሞት ምን አደረጋችሁ? የት ቀበራችሁት? ማን አጽናናችሁ?

ይህን ከለጠፍኩ ሦስት ቀን ሆነ። ምላሹ 24 ደርሷል። ዘግይታችሁ ለገባችሁ እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ።

1ኛው ምላሽ የመጣው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ሐዋሳ ያለች እህት ናት። እንደ ሰው ሞት አጽናናችኝ፤ ፈጣሪ እንዲያጸናኝ ተመኘች። የእሷ ቡቺ ከሞተ 4 ዓመት ቢሆነውም ማሰሪያው እስካሁን በር ላይ ካለው ምስማር እንዳልወረደ ነገረችኝ። ስቅስቅ ብዬ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

2ኛው እርማት ነበር። ለውሻ ሞተ እንጂ አረፈ እንደማይባል፣ ዕረፍት የሰው እንደሆነ በትህትና አስረዳኝ። አልተቀየምኩትም።

3ኛው መልስ የሰጡት ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ነው። በጡረታ ላይ ያሉ መምህር ናቸው። እኛ እኮ ነገሥታትንና የጦር መሪዎችን በፈረሳቸው ስም የጠራን ሕዝብ ነን የሚል ሐሳብ አመጡ። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ አሉላን አባ ነጋ ያልን ሰዎች ለአንድ ውሻ አንዲት ቃል ብናበድር ምን ይጎድልብናል የሚል ነው ጥያቄያቸው። ከዚያ ደግሞ ሌላውን ጎን አሳዩን። ያለ ፈራጅ፣ ያለ ካሳ የቀረ ደም ደመ ከልብ ይባላል፤ የውሻ ደም ማለት ነው። ስለዚህ አራሚያችን ያለ ምክንያት እንዳልተናገረ፣ ቋንቋው ራሱ ውሻን ከደጅ እንዳስቀረው አመኑለት። ይህን ምላሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

4ኛውን ግን ስንቴ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም። ጸሐፊው ጎንደር ያደገ ሰው ነው። በልጅነቱ አካባቢ የሞተ ውሻ አይቀበርም ነበር፤ ገደል ይጣላል። ቦቢ ሲሞት እሱ 11 ዓመቱ ነው። አባቱ ውሻውን በማዳበሪያ ከረጢት ከተተውና ወስዶ እንዲጥለው ላኩት። ልጁ ከረጢቱን በጀርባው ተሸክሞ ወጣ። እስከ ገደሉ አፋፍ ሄዷል። መጣል ግን አቃተው። ተመልሶ ከጎረቤት ዶማ ሰርቆ፣ ከሰው ዓይን ራቅ ያለ ቦታ ላይ አንድ ዋንዛ ስር ቆፈረ። መሬቱ የበጋ ነው፤ ደርቋል። ጉድጓዱ አልጠልቅ ስላለው ድንጋይ እየለቀመ ሲከምርበት መሸ። እጁ ተልጦ ቤት ሲገባ አባቱ ጣልከው ወይ አሉት፤ አዎ ብሎ ዋሸ። አባቱ ከሞቱ ቆይተዋል። ይህን ታሪክ ለሚስቱም ነግሯት እንደማያውቅ፣ እኔ የት ቀበራችሁት ባልል ኖሮ ይዞት እንደሚሞት ነው የጻፈው። ዋንዛው ዛሬም አለ።

5ኛዋ ድርጊቱን አድንቃ ወደ ራሷ ቤት ወሰደችን። እናቷ ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ አይገባም። ስለዚህ ጃክም ይጾማል፤ የሚሰጠው ሽሮ ፍትፍት ነው። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጃክ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ቀኑን እንዴት እንደሚያውቅ ማንም አልደረሰበትም። በመጨረሻው ፋሲካ ጥርሱ አልቆ ነበር። አጥንቱን ሲሰጡት በእግሮቹ መሃል አስቀምጦ ዝም ብሎ አየው። እናቷ ቅርጫው ሳይነካ፣ እንግዳው ሳይጠራ፣ ነጠላቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሥጋ ቀቀሉ። በጣታቸው እየበጣጠሱ አጎረሱት። በሳምንቱ ዳግማይ ትንሣኤ ላይ ሞተ። እሷ እንደምትለው የእነሱ ቤት ስንብት ያ ጉርሻ ነበር።

ከ6 እስከ 8 ያሉት ወደ ስም ሄዱ። አንዱ ቦቢና ጃክ የሚሉት ስሞች ከየት እንደመጡ ጠየቀ። ሌላዋ ገጠር ውሻ የሚሰየመው ለጎረቤት መልእክት እንዲያደርስ እንደሆነ አስታወሰች፤ አያቷ ከወንድማቸው ጋር በመሬት ተጣልተው ቡችላቸውን ሰው ክፉ ብለውት ኖሯል። ማታ ማታ ሲጠሩት ወንድምየው ይሰማል። መቻልም እንዲህ ያለ ነገር ይኖረው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አባቴን ጠይቄው አላውቅም። 8ኛው የጃንሆይን ሉሉ አነሳ፤ ያ ትንሽ ውሻ ከእግራቸው የማይጠፋውን። በቤተ መንግሥት ሲሆን ፍቅር፣ በሠፈር ሲሆን ቅብጠት የሚባለው ለምን እንደሆነ ጠይቆ ወጣ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

9ኛው ላይ ነገሩ ከረረ። አገር ውስጥ ሰው እየሞተና እየተፈናቀለ አሜሪካ ተቀምጦ ለውሻ ማልቀስ ነውር እንደሆነ ጻፈብኝ። ጥጋብ ነው አለው። ስድቡን አልደግመውም። አመመኝ። እኔም ይህንኑ ፈርቼ ነበር ዝም ያልኩት። 10ኛውና 11ኛው ተነስተው እሱን ወረዱበት፤ አንደኛው እንዲያውም እናቱን የሚነካ ነገር ስለጻፈ እንዲያጠፋው ለምኜው አጥፍቷል። ለእኔ ብላችሁ ሰው እንድትሰድቡልኝ አልፈልግም።

12ኛዋ ቀስ ብላ ገባች። ራሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቤቷ ተፈናቅላ መጠለያ ውስጥ የኖረች ናት። የወጡት በሌሊት ነው፤ ውሻቸው እንደታሰረ ቀረ። መጠለያ በደረሱ ማግስት ትንሹ ልጇ መጀመሪያ የጠየቃት ስለ ቤቱ አልነበረም፤ ስለ ልብሱም አልነበረም። ሰንሰለቱን ፈትተሽዋል ወይ ነበር ያላት። ፈትቼዋለሁ አለችው። አልፈታችውም ነበር። እስከ ዛሬ ሌሊት የሚያባንናት ይኸው ነው። የሰው ሐዘን የውሻን ሐዘን እንደማያባርረው፣ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ እንደሚያድሩ ለ9ኛው አስረዳችው። ሳትቆጣ ነው። 9ኛው ሰውዬ ይቅርታ ጠይቋል፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። ትክክል ነው፤ ለእሷ ነው የሚገባው።

13ኛው ከእስራኤል ነው። እናቱ በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጎንደር ገጠር በእግር ወደ ሱዳን ከወጡት ቤተ እስራኤላውያን አንዷ ናቸው። ጉዞው በሌሊት ነው፤ ድምፅ አይሰማም። የቤታቸው ውሻ ተከተላቸው። ቢጮኽ ሁሉንም ያስይዛል። የእናቱ ታላቅ ወንድም ድንጋይ እየወረወረ መለሰው። ውሻው ይርቃል፣ ደግሞ ይከተላል። ሁለተኛውን ወንዝ ሲሻገሩ ማዶ ቆሞ ቀረ። አንዴም አልጮኸም። አጎቱ አሁን አዛውንት ናቸው፤ በመንገድ የሞቱትን ሁሉ እየጠሩ ሲያለቅሱ በመጨረሻ ያንን ውሻም ይጠሩታል። በወረወሩት ድንጋይ ነው የሚጸጸቱት።

14ኛው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የተማረው ደብረ ዘይት ነው። ውሻ ሊሞት ሲል ባለቤቱን ላለማስጨነቅ ርቆ ይሄዳል የሚለውን አባባል አረመ። የታመመ እንስሳ ጸጥ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ጓሮ የሚደበቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ያረጀ ውሻ መብላት ካቆመና ከሰው ከራቀ ሊሞት ነው ብሎ መተው ሳይሆን ማሳየት ይገባል፤ ጥርስ ብቻም ሊሆን ይችላል። ሌላም ጠቃሚ ነገር ጨመረ። ቡችላ በፓርቮ ከሞተ፣ ማለትም ሲያስታውከውና ደም ሲያስቀምጠው ቆይቶ ከሆነ፣ ቫይረሱ ግቢው አፈር ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ያልተከተበ ቡችላ ቶሎ አታምጡ ብሎናል። ሐዘኑን ለማስረሳት በሳምንቱ ሌላ ቡችላ ለልጆቻችሁ የምታመጡ ይህችን ያዙ።

15ኛው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለ ወንድም ነው። ውሻው ኩላሊቱ ደክሞ፣ ቆሞ መሽናት ሲያቅተው በመርፌ እንዲያሸልብ አደረገ። መጀመሪያ የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጠው፤ ከዚያ ከመጠን በላይ የሆነ ማደንዘዣ። ራሱ ጭኑ ላይ ነበር። ከትንፋሹ በኋላ ዓይኑ እንዳልተከደነ፣ ይህንን ማንም ቀድሞ እንዳልነገረው ጻፈ። አመዱን በትንሽ የእንጨት ሳጥን ሰጡት። እናቱ ሊጠይቁት ሲመጡ ሳጥኑን የት እንደሚደብቀው ግራ ገብቶታል።

በዚህ 16 እና 17 ተፋጠጡ። አንደኛዋ ነፍስ የሰጠ ይውሰድ እንጂ በሰው እጅ መቁረጥ ኃጢአት ነው ባይ ናት። ሌላኛው እሷን አላወቅሽም፣ አላየሽም በሚል ቃል መለሰላት፤ ጎረቤቱ ያለ መድኃኒት ሦስት ቀን ሲያጣጥር የሰማውን ውሻ አነሳ። ሐኪሙ ተመልሶ መጥቶ መዳን የማይችልን ስቃይ ማሳጠር የሙያው ግዴታ መሆኑን ተናገረ። እኔ በዚህ ከሐኪሙ ጋር ነኝ። እሷም ግን ከጭካኔ እንዳልተናገረች ይገባኛል።

18ኛው ውሻ በቅዱሳት መጻሕፍት በክፉ ብቻ ይነሳል ሲል 19ኛው ያዘው። መጽሐፈ ጦቢትን እንዲያነብ ነገረው። ልጁ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ይሄዳል፤ ሲመለስም ከኋላ ይከተላል። ከደሴ የጻፈች 20ኛ እህት ደግሞ በእስልምናም የውሻ ምራቅ ይታጠባል እንጂ በውሻ መጨከን እንዳልተፈቀደ አስረዳች። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ምሕረት እንዳገኘ፣ የዋሻው ሰዎች ውሻም በሱረቱል ከህፍ እንደተነሳ አስታወሰችን። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የማይገባ እንስሳ ከሁለቱም በኩል ጠበቃ ሲያገኝ ደስ አለኝ።

21ኛው ውሻ አይወድም፤ አይደብቅም። በልጅነቱ የጎረቤት ውሻ ነክሶት፣ ውሻው ስላበደ፣ ፓስተር ተቋም ተወስዶ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን የድሮ ክትባት ለ14 ተከታታይ ቀን ሆዱ ላይ ተወግቷል። የእኛን ፍቅር እንደማይነቅፍ፣ ግን በየዓመቱ የማናስከትብ ከሆነ ፍቅሩ ለሌላው ሰው ልጅ ስጋት እንደሆነ ነገረን። 22ኛው ከባሌ ሆኖ ደገፈው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፤ ያለውም በአገራችን ብቻ ነው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ የገባባቸው ከእረኛና ከመንደር ውሾች ነው። ርዕሱ ከእኔ ጥያቄ ራቀ፤ ቢሆንም አላቆምኳቸውም።

23ኛው ወጣት ነው። ሠፈራቸው ለልማት ሲነሳ ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባ። ሬክስ ደረጃ አይወጣም፤ ጎረቤቱም አልፈቀደም። ለአንድ ዘበኛ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ገመዱን በጥሶ የድሮው ቤት ፍርስራሽ ላይ ተገኘ። በር የለም፣ አጥር የለም፤ እሱ ግን በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ይተኛል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ዳቦና ሳንባ በፌስታል ይዞለት ሲሄድ ከረመ። አንድ ቅዳሜ አጣው። ፌስታሉን እንደያዘ እስኪመሽ ጠበቀ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት፣ በሚቀጥለውም። ሞቶ ይሁን ሰው ወስዶት አያውቅም። እኔ 7 ወር መደበቄን እንደ በደል ቆጥሬው ነበር። ይህ ልጅ ግን የሚደብቅለት ሰው እንኳ የለውም።

24ኛው ትናንት ሌሊት ገባ። ስሙን አልጻፈም፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ግን አወቅኩት። መቻልን ከሻንጣው ላይ ያስነሳው በሽሮ እንጂ በሥጋ ወጥ እንዳልነበረ፣ ዕለቱ ረቡዕ እንደነበር አረመኝ። ወንድሜ ነው።

መቻል ሦስት ቀን ሳይበላ ቆየ። በመጨረሻው ማታ ሰንሰለቱ ሲወልቅለት ግቢውን አልዞረም። ቀጥ ብሎ ሄዶ ጫማው ላይ አገጩን አደረገ። አባቴ ሻዩን ጨረሰ። አልተነሳም። ብርዱ እንዳይጎዳው ጋቢ ወጣለት። ሌሊት 8 ሰዓት ግድም ወንድሜ ሲወጣ ጋቢው መቻል ላይ ነበር፤ አባቴ በሹራብ ብቻ ተቀምጧል። ሲነጋ ከጓሮ ከኮሽሙ አጥር ስር ሁለቱ ቆፈሩ። ወንድሜ ጋቢውን ሊያነሳ ሲል አባቴ እጁን ያዘው። ከነጋቢው ተቀበረ።

በዚያው ቀን ማታ አባቴ እንደልማዱ ሊፈታው ወጣ። ሰንሰለቱ ጋ ደርሶ ነው የቆመው። እናቴ በመስኮት እያየችው ነበር። እኔ ስደውል ደህና ነው ማለት የጀመረችው ለእኔ ብላ ብቻ አልነበረም። አባቴ አጠገቧ ይቀመጣል፤ ሞተ የሚለውን ቃል እሱ እንዳይሰማው ነው።

ዛሬ እሁድ አልነበረም፤ ደወልኩ። አባቴን አቅርቡልኝ አልኩ። ለምን መቻል አልከው አልኩት። ቆየ። ቡችላውን ያመጣው ከሥራ የተቀነሰ ሳምንት እንደነበር፣ ለማንም ሳይናገር በየጠዋቱ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ እስከ አስፋልቱ የሚሸኘው እሱ ብቻ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ እዚያ ብርዱ እንዴት ነው አለኝ። በረዶ ጥሏል አልኩት።